ለእናቴ ሁልጊዜ ረቡዕ ነው፦ አልዛይመር ያለበትን ሰው ስለ መመገብ

ሃያ ሁለት ዓመት ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠርቻለሁ። የመቶ ሰው ድግስ አያስደነግጠኝም ነበር፤ አንዲት እናቴን ማብላት ግን አቃተኝ። አልዛይመር የተባለው የመርሳት ሕመም እንዳለባት በተነገረን በዓመቱ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፏት። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ የተማርኩትን ልጻፍላችሁ።

በቅድሚያ፣ የጠፋውን ትውስታ የሚመልስ ምግብ የለም። ቺካጎ ባለው ረሽ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አእምሮን ከመርሳት ለመጠበቅ የታሰበ ‹ማይንድ› የተባለ አመጋገብ አስተዋውቀው ነበር፤ ቅጠላ ቅጠል፣ ጥራጥሬ፣ ኦቾሎኒና መሰሎቹ፣ ዓሣ ይበዛበታል። የማስታወስ ችግር ባልነበረባቸው 604 አረጋውያን ለሦስት ዓመት ሲሞከር ግን፣ በ2023 የወጣው ውጤት ከማነጻጸሪያው አመጋገብ ጉልህ ብልጫ አላሳየም። እኔ ጎመኑንና ምስሩን ለራሴም ለልጆቼም አብዝቻለሁ፤ ለልብና ለደም ግፊት መልካም ነውና። ለእናቴ ግን ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው፦ በላች? ጠጣች? ሳያንቃት ዋጠች?

አልበላም ማለት ሲጀምሩ ወደ ማዕድ ቤት ከመሮጥ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዶኔፔዚል ነው፤ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ሊያመጣ ይችላል። ጥርሷንም አሳዩ። የእናቴ ግማሹ እምቢታ የተነቃነቀ መንጋጋ ጥርስ ነበር፤ ‹አመመኝ› ማለት ጠፍቷት ሳህኑን ትገፋዋለች።

ሌላው ግማሽ ጾም ነበር። ለእናቴ ሁልጊዜ ረቡዕ ነው። ፋሲካ በዋለ በማግስቱም ‹እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም› ትለኛለች። የቀን መቁጠሪያ አሳየኋት፣ ተጨቃጨቅን፣ ሁለታችንም አለቀስን። ጭቅጭቅ ይቅርባችሁ። የነፍስ አባቷን ሳማክራቸው ሕመምተኛ በጾም እንደማይያዝ ነግረውኝ፣ ‹ቅዳሴ ወጥቷል በያት› አሉኝ። ‹ውሸት አይሆንብኝም?› ስላቸው፣ ‹አንድ ቦታ ወጥቷል› ብለው ሳቁ። አሁን ጠዋት ‹እማዬ፣ ቅዳሴ ወጥቷል› እላለሁ፤ አማትባ ትበላለች።

የምትበላው ግን የጾም ምግብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበቱን እዚያው ውስጥ አገባለሁ፤ ሽሮውን በደንብ ዘይት አጠጥቼ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ አቮካዶ፣ ልሞ የተፈጨ ኦቾሎኒ የገባበት አጥሚት። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከጥራጥሬም ከጎመንም አይገኝም፤ እጥረቱ ደግሞ ራሱ መርሳትን ያባብሳል። የደም ምርመራ አስደረግን፣ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ በመርፌ ተተካ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካላችሁ ጎመን በድንገት አታብዙለት፣ በድንገትም አታስቀሩበት፤ መድኃኒቱን ያዛባል።

ስለ ሳህን ልንገራችሁ። ቤታችን አበባ የተሳለበት ትሪ አለ። አንድ ቀን እናቴ እንጀራውን ትታ አበባውን በጣቷ ልትቆርስ ስትታገል አየኋት። ሕመሙ ዓይንንም ያታልላል። ያን ቀን ትሪውን አነሣሁት። ባለ ብዙ ቀለም መሶቡንም አብሬ፣ እያዘንኩ። ቦስተን ውስጥ ሕመሙ ለጠናባቸው ዘጠኝ ሰዎች ነጩን ሳህንና ብርጭቆ በደማቅ ቀይ ሲለውጡላቸው፣ የሚበሉት በ25 በመቶ፣ የሚጠጡት በ84 በመቶ መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ይናገራል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቀይ ሳህን ግን ብዙ ብር አይጠይቅም። አይብ በነጭ ሳህን አታቅርቡ፤ አይታይም። አንድ ዓይነት ወጥ ብቻ ይቅረብ፤ በያይነቱ ሲቀርብላት ከየትኛው እንደምትጀምር ግራ ይገባታል።

እንጀራችን በእጅ መበላቱ እንዴት ያለ በረከት ነው! ማንኪያ ምን እንደሚያደርግ የረሳ እጅ መቁረስን አልረሳም። መቁረሱም ሲያቅት ጉርሻ አለ። ነገር ግን የሠርግ ጉርሻ አይደለም፤ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል፣ በወጥ የራሰች። ፊት ለፊቷ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ቆሞ ማጉረስ ወደ ላይ እንድታንጋጥጥ ያደርጋታል፣ ያን ጊዜ ትን ይላታል። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሁለተኛውን አትዘርጉ፣ ከበላችም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አታስተኟት። ጉንጯ ውስጥ የቀረ ምግብ መኖሩን ተመልከቱ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከቤታችን ወጥተዋል። ስትጠጣ የምታስል ከሆነ፣ ወይም ድምጿ እርጥብ እርጥብ የሚል ከሆነ፣ ምግብ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት።

ውኃ አትጠይቅም፤ ጥማቱ አይሰማትም። በየሰዓቱ ትንሽ ብርጭቆ ይዤ አብሬያት እጠጣለሁ፤ ስጠጣ ስታይ ትጠጣለች። በአንድ ቀን ውስጥ ድንገት ከወትሮው የባሰ ብትቃዥ ‹ሕመሙ ጠናባት› ብላችሁ አትቀመጡ፤ የውኃ እጥረት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ቡናዋን አልከለከልኳትም። አቦሉን ከምሳ በፊት ትጠጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ከተጠጣ ሌሊቱን ‹ወደ ቤቴ ውሰዱኝ› እያለች ታነጋዋለች።

ብቻዋን አታብሏት። እኔ ሳልቆርስ እናቴ አትቆርስም። አንዳንድ ቀን ያዘጋጀሁላትን ጉርሻ ከእጄ ተቀብላ መልሳ ወደ አፌ ትዘረጋዋለች። እጎርሳለሁ፤ ሁለተኛዋን እሷ ትጎርሳለች።