የድሮ የፌስቡክ ፖስቶችን አውርዶ ማየት፦ ችግርና መፍትሄ

መንገዱ አጭር ነው። ሴቲንግ ውስጥ አካውንትስ ሴንተር፣ ከዚያ «ዩር ኢንፎርሜሽን ኤንድ ፐርሚሽንስ»፣ ከዚያ «ኤክስፖርት ዩር ኢንፎርሜሽን» (በቀድሞ ስሙ «ዳውንሎድ ዩር ኢንፎርሜሽን»)። ከዚህ በኋላ ከሚመጣው ጣጣ አብዛኛው የሚወለደው ጥያቄው ሲላክ በችኮላ በታለፉ ሦስት ምርጫዎች ነው፦ የቀን ገደብ፣ የፋይል ዓይነትና የፎቶ ጥራት።

ፋይሉ መጣ፣ የድሮ ፖስቶች ግን የሉም

መጀመሪያ የቀን ገደቡን ይጠርጥሩ። ፌስቡክ ይህን ቦታ ራሱ ሞልቶ ያቀርባል፤ ብዙ ጊዜም ያለፈውን አንድ ዓመት ብቻ ነው። «ኦል ታይም» የሚለውን መርጠው እንደገና ይጠይቁ። የአንድ ዓመት ብቻ ከፈለጉ ደግሞ አቆጣጠሩ የፈረንጅ መሆኑን አይርሱ። የ2004 ዓ.ም. ፖስቶችን የሚፈልግ ሰው መሙላት ያለበት ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2011 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2012 ነው፤ «2012» ብሎ ብቻ ከሞላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ይቀርበታል።

ገደቡ ትክክል ሆኖም የሚጎድል ነገር አለ። ጓደኛ ለጥፎ እርስዎን ታግ ያደረገበት ፎቶ የጓደኛዎ ንብረት ስለሆነ በእርስዎ ፋይል አይመጣም። ፖስትዎ ሥር ሰዎች የጻፉት ኮመንትም እንደዚያው። አንድን የቆየ ክርክር ከነኮመንቱ ማስቀረት ከፈለጉ ገጹን ከፍተው ስክሪንሾት ከማንሳት ወይም በፒዲኤፍ ከማስቀመጥ ሌላ አማራጭ የለም። ግሩፕ ውስጥ የጻፉት ግን አልጠፋም፤ ለብቻው በግሩፕ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል።

«ተዘጋጅቷል» የሚል መልእክት ደርሶ ነበር፣ አሁን ግን አይወርድም

ፋይሉ ከተዘጋጀ በኋላ የሚቆየው 4 ቀን ነው፤ ካለፈ እንደገና መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሄው። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የሚያስቸግር ከሆነ ሁሉንም በአንዴ አይጠይቁ። መጀመሪያ ፖስቶችን ብቻ ምልክት አድርገው በዝቅተኛ ጥራት ይጠይቁ፤ ጽሑፉ በሙሉ ይመጣል። ቀጥሎ ፎቶ የበዛባቸውን ዓመታት ለይተው በከፍተኛ ጥራት ይጠይቁ። የፎቶውን ጥራት እንዳለ በመካከለኛ መተው አይመከርም፤ ፌስቡክ ሲለጠፍ አንዴ የጨመቀውን ፎቶ እንደገና መጭመቅ ይሆናል።

ጽሑፉ ይከፈታል፣ ፎቶው ባዶ ሳጥን ነው

ፋይሉ ከዚፑ (ሁሉም ነገር ታሽጎ ከመጣበት ፋይል) ሳይወጣ ተከፍቷል ማለት ነው። ገጹ ፎቶዎቹን የሚፈልገው ከጎኑ ካሉ ፎልደሮች ስለሆነ መጀመሪያ «ኤክስትራክት ኦል» ማለት ያስፈልጋል። ዚፑ ተከፋፍሎ ሦስትና አራት ሆኖ ከመጣ ሁሉንም በአንድ ፎልደር ውስጥ ያውጡ፤ የተለያየ ቦታ ከወጡ ጽሑፉ በአንዱ፣ ፎቶው በሌላው ይቀራል። ይህን በኮምፒውተር ይሥሩት። ስልክ ላይ ብሮውዘሩ አጎራባች ፎልደሮችን እንዲያነብ ስለማይፈቀድለት፣ ፋይሉ በትክክል ወጥቶም ፎቶው ላይታይ ይችላል።

አማርኛው ትርኪምርኪ ሆኖ መጣ

ይህ የሚገጥመው ከፋይል ዓይነቶቹ ጄሰንን (ለፕሮግራም እንዲመች የተዘጋጀውን) የመረጠ ሰው ነው። ኤችቲኤምኤል (በብሮውዘር ተከፍቶ የሚነበበው) ላይ አማርኛው ደህና ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ዓላማዎ ማንበብ ብቻ ከሆነ ኤችቲኤምኤል ጠይቀው ይገላገሉ። ጄሰን የሚጠቅመው ፖስቶቹን ወደ ሰንጠረዥ ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ለሚያስገባ ሰው ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የአጻጻፍ ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፌስቡክ ጄሰኑን ሲጽፍ እያንዳንዱን ባይት ራሱን እንደቻለ የላቲን ፊደል ይቆጥረዋል። «ሰላም» ሦስት ፊደል መሆኗ ቀርቶ ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች፤ በየሦስቱም መጀመሪያ ላይ ያው ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል ይደጋገማል። ይህን ካዩ ጽሑፉ አልጠፋም፣ ተተርትሮ ነው የመጣው።

ብዙ ሰው ኖትፓድ ላይ ኢንኮዲንግ (ባይቱ ወደ ፊደል የሚፈታበትን ስልት) በመቀያየር ይደክማል፤ ምንም አይለወጥም፣ ምክንያቱም ስህተቱ የተጻፈው ፋይሉ ውስጥ ነው። መፍትሄው በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ጄሰኑን በደንቡ ማንበብ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጽሑፍ ላቲን-1 በተባለው ኢንኮዲንግ ወደ ባይት መልሶ በዩቲኤፍ-8 መፍታት ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ጄሰኑ ይነበባል፣ ጽሑፉ የሚፈታው ቀጥሎ ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ ብቻ፤ የተስተካከለውን አማርኛ ደግመው ቢያስኬዱት ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ ይቆማል።

ጄሰኑ ላይ በቀን ፋንታ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር አለ

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፣ በግሪንዊች ሰዓት። ኤክሴል ላይ ቁጥሩ ላይ 10800 ይደምሩ (የኢትዮጵያ የ3 ሰዓት ልዩነት)፣ ለ86400 ያካፍሉ፣ 25569 ይደምሩና ሴሉን ወደ ቀን ፎርማት ይቀይሩ። ለመፈተሽ፦ 1325376000 የሚለው ቁጥር ጃንዋሪ 1 ቀን 2012፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት (ኤክሴል ላይ 3:00) መስጠት አለበት፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2004 ዓ.ም. ማለት ነው። ፖስቱ የተጻፈው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ከሆነ 10800ን በዚያው አገር ልዩነት በሰከንድ ይተኩ፤ እንደ ዋሽንግተን ከግሪንዊች ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ በመደመር ፋንታ ይቀንሱ።

እንዳለ አውቃለሁ፣ ስፈልገው ግን አይገኝም

ኮምፒውተሩ የሚያየው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። «ዓመት» ብሎ ለሚፈልግ «አመት» አይመጣለትም፣ «ፀሐይ» ላለም «ጸሀይ»። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያሉባቸውን ቃላት በየመልካቸው ይሞክሩ። የቃሉን የመጨረሻ ፊደልም ይተዉት፦ «መጽሐፍ» ብለው ከፈለጉ «መጽሐፉ»ና «መጽሐፌ» ያመልጣሉ፣ «መጽሐ» ካሉ ግን ሁሉም ይመጣሉ። በዚያ ዘመን ብዙዎቻችን በስልክ በላቲን ፊደል አማርኛ እንጽፍ ስለነበር፣ በዚያም መፈለግ አይርሱ፤ አጻጻፉ ደግሞ እንደ ሰዉ ጠባይ ነው።

የሜሴንጀር ጨዋታ ጎደለ

ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረው (ከተጻጻፉት ሰዎች በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈው) በዚህ ፋይል ውስጥ አይመጣም። ሜሴንጀርን በኮምፒውተር ከፍተው፣ የተመሰጠሩ መልእክቶች ማከማቻ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ለብቻው ያወርዱታል።

አውርጄ ላጥፋ ብል

መጀመሪያ ዚፑን አውጥተው ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ዓመት ጥቂት ፖስቶች ከፍተው ያረጋግጡ። ከዚያ አክቲቪቲ ሎግ (ፌስቡክ ላይ ያደረጉት የሚዘረዘርበት ገጽ) ላይ በዓመት ለይተው ወደ ትራሽ ይላኩ፤ እዚያ 30 ቀን ይቆያሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን መመለስ የለም። ማጥፋቱ ካስፈራዎ አርካይቭ ማድረግም ይቻላል፤ ከሰው ዓይን ይሰወራል፣ ለእርስዎ ግን ይታያል። ሁሉንም ዓይነት መረጃ ጠይቀው ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ስልክ ቁጥርዎና ከየት ሆነው እንደገቡ የሚያሳይ መዝገብ ስላለ፣ ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ አያውርዱት፤ ግድ ከሆነም ዚፑንም የወጣውን ፎልደርም ሪሳይክል ቢን ድረስ ሄደው ያጥፉ።