ነባር ሕመም እያለ የጤና ኢንሹራንስ እንዴት ይገባል?

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው ኢንሹራንስ ሲፈልግ ትልቁ ጭንቀቱ «ይቀበሉኝ ይሆን?» የሚል ነው። ከዚያ የሚከፋው ግን ተቀብለውት፣ አረቦኑን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ገንዘብ) ሲከፍል ከርሞ፣ በታመመ ቀን «ይህማ ከውሉ በፊት የነበረብህ ነው» መባሉ ነው። ይህን ለማስቀረት ዋናው ጊዜ ከመፈረም በፊት ያለው ነው።

1. ውሉ «ነባር ሕመም» የሚለው ምን ምን እንደሆነ ይለዩ

ሐኪም ስም ያወጣለት በሽታ ብቻ አይደለም። በብዙ ውሎች ምርመራ ባይደረግም እንኳ ምልክቱ ታይቶ ወይም ሐኪም ተማክረውበት ከነበረ ሕመሙ ነባር ይባላል። ወደ ኋላ ስንት ዓመት እንደሚቆጠርም ይፈልጉ።

2. የሕክምና ማስረጃዎን ያሰባስቡ

መቼ እንደተመረመሩ፣ ምን መድኃኒት በምን መጠን እንደሚወስዱ፣ የቅርብ ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤት። ቁጥጥር ሥር ያለ ደም ግፊትና ክትትል የሌለው ደም ግፊት በኩባንያው ዓይን እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ወረቀቱ ነው።

3. ቅጹን ሳይደብቁ ይሙሉ

ጠንከር ብዬ የምናገረው እዚህ ላይ ነው። የኢንሹራንስ ውል በቅን ልቦና ላይ የቆመ ነው። የተጠየቁትን ከደበቁ ኩባንያው ካሳ ሊከለክል፣ እንደየአገሩ ሕግም ውሉን ከነጭራሹ ሊያፈርስ ይችላል። መዝገብዎ በደንብ የሚገላበጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲፈርሙ ሳይሆን ከፍ ያለ ካሳ ሲጠይቁ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማንም ምንም አለማለቱ አያዘናጋዎት። የሽያጭ ወኪሉ «ይህቺን ባንጽፋት ይሻላል» ቢልዎት አይስሙት፤ ፊርማው የእርስዎ ነው። የሞሉትን ቅጽ ቅጂ ያስቀሩ። ሽፋኑ ሳይጀምር አዲስ የምርመራ ውጤት ከመጣም ያሳውቁ።

4. የኩባንያውን መልስ ይመዝኑ

እምቢ ካላሉ ወይ እንዳሉ ይቀበሉዎታል፣ ወይ አረቦን ይጨምራሉ፣ ወይ ሕመሙን ከሽፋን ያወጣሉ፣ ወይ የመጠበቂያ ጊዜ (ሕመሙ ሳይሸፈን የሚቆይበትን ጊዜ) ይሰጣሉ። አቅም ካለ እኔ የምመርጠው ጭማሪውን ነው፤ ቢያንስ ወጪው ከወዲሁ ይታወቃል። ከሽፋን ማውጣት ግን አጻጻፉ ከሰፋ ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል፦ «ከስኳር ጋር የተያያዘ ማንኛውም ሕመም» የሚለው ሐረግ ኩላሊትን፣ ዓይንን፣ እግርንና ልብን ሁሉ ሊጠቀልል ይችላል። ሐረጉን እንዲያጠቡት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። አውስትራሊያ ውስጥ በግል የሆስፒታል ሽፋን ለነባር ሕመም የሚጠበቀው ጊዜ ከ12 ወር አይበልጥም፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ጣሪያውን ከ48 ወደ 36 ወር አውርዳለች። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ አብዛኞቹ የጤና ኢንሹራንሶች በነባር ሕመም ምክንያት ሰው መከልከልም ሆነ የበለጠ ማስከፈል አይችሉም፤ የአጭር ጊዜ ውሎች ግን ይህ አይገዛቸውም።

5. የቡድን ሽፋን ካለ እሱን ያስቀድሙ

በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገባ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የግል የጤና ጥያቄ አያበዛም። ኩባንያ የሚቀይሩ ከሆነም አዲሱ በጽሑፍ ሳይቀበልዎት አሮጌውን አያቋርጡ፤ የጨረሱት የመጠበቂያ ጊዜ ይታሰብልኝ እንደሆነም ይጠይቁ።

6. ለጉዞ ኢንሹራንስ የመድኃኒት ለውጥን ይጠንቀቁ

ብዙዎቹ ሕመሙ ከጉዞው ወይም ከግዢው በፊት ለተወሰነ ጊዜ ሳይለወጥ መቆየቱን ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው የማይጠብቀው፣ በአንዳንድ ውሎች የመድኃኒት መጠን መቀነስም ጭምር እንደ ለውጥ መቆጠሩ ነው።

7. ካሳ ከተከለከሉ

ምክንያቱንና የጠቀሱትን አንቀጽ በጽሑፍ ያስጽፉ። ከዚያ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከሐኪምዎ ይዘው ለኩባንያው ቅሬታ ያቅርቡ፤ ካልሆነ ኢንሹራንስን ወደሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል ይሂዱ። ቅሬታ የማቅረቢያ ቀነ ገደብ ስለሚኖር ደብዳቤው በደረሰዎት ሰሞን ይጀምሩ።