ከባሕር ዳር ትኬት በፊት፦ ከምረቃ በኋላ አሜሪካ ለመሥራት ኦፒቲ እንዴት ይጠየቃል

አሜሪካ በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር የባሕር ዳር ልጅ ግንቦት ላይ ሲመረቅ ቤተሰብ ድግስ ያስባል። «ክረምቱን መጥተህ እረፍ፤ ሥራውን ስትመለስ ትደርስበታለህ» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፤ የአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ የሚያሳጣውም ብዙ ጊዜ ይኸው ምክር ነው። ኦፒቲ የተባለው ከትምህርት በኋላ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ብቻ ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት መላክ አይቻልም። ትምህርቱን ጨርሶ ሳያመለክት ከአገር የወጣ ተማሪ በዚያ ዲግሪ ኦፒቲ አያገኝም።

ፈቃዱ በተማሩት ሙያ 12 ወር ያሠራል። ለአንድ የትምህርት ደረጃ አንዴ ይሰጣል፦ በመጀመሪያ ዲግሪ የተጠቀመ ሰው ማስተርስ ሲጨርስ ሌላ 12 ወር አለው፤ በሁለተኛ ማስተርስ ግን የለውም። ለማመልከት ሥራ ማግኘት ግዴታ አይደለም። እየተማሩ ሳለ ሲፒቲ በተባለው የልምምድ ፈቃድ በዚያው ደረጃ 12 ወር ሙሉ ሰዓት የሠሩ ግን ኦፒቲያቸውን እዚያው ጨርሰውታል።

ቀኑን በእኛ ካላንደር ቁጠሩት

መነሻው ጋዋን የሚለበስበት ቀን ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው አይ-20 የተባለ የተማሪነት ሰነድ ላይ የሰፈረው የትምህርት ማብቂያ ቀን ነው። ማመልከቻው ከዚያ ቀን 90 ቀን ቀደም ብሎ ይከፈትና ከዚያ በኋላ በ60ኛው ቀን ይዘጋል። እዚህ ላይ የኛ ካላንደር ከፈረንጁ ይሻላል፤ ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ 90 ቀን ሦስት ወር፣ 60 ቀን ሁለት ወር ነው። ትምህርቱ እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2026 ካበቃ፣ በእኛ ግንቦት 7 ቀን 2018 ነው። ሦስት ወር ወደ ኋላ የካቲት 7 (ፌብሩዋሪ 14)፣ ሁለት ወር ወደ ፊት ሐምሌ 7 (ጁላይ 14)። ስሌቱን የምታበላሸው ጳጉሜን ብቻ ናት፦ በዚያው ዓመት ነሐሴ 8 የሚጨርስ ተማሪ 60ኛው ቀኑ ጥቅምት 8 ሳይሆን ጥቅምት 3 ነው።

የመጨረሻው ቀን ማመልከቻው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ (ዩኤስሲአይኤስ) እጅ የሚገባበት ነው እንጂ ፖስታ ቤት የሚሰጥበት አይደለም። ውሳኔው ወራት ሊወስድ ስለሚችል በተከፈተ ሰሞን ማመልከት ነው የሚሻለው።

አዲሱ አይ-20 እና 30ው ቀን

መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይኬዳል። ኃላፊው (ዲኤስኦ የሚሉት) የውጭ ተማሪዎች መዝገብ በሚያዝበት ሴቪስ በተባለው የመንግሥት ሥርዓት ላይ የኦፒቲ ድጋፉን ያስገባና አዲስ አይ-20 ያወጣል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የኦፒቲ ጥያቄው መታየቱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ፈርሙ። ድጋፉ ሴቪስ ላይ ከገባበት ቀን ጀምሮ ለማመልከት ያላችሁ 30 ቀን ብቻ ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው 60ውን ቀን እየቆጠረ 30ው ያልፍበታል። ካለፈ፣ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ሌላ አይ-20 ማስወጣት ያስፈልጋል። አሮጌውን አይ-20 በስህተት አያይዞ መላክም ያው ውድቅ ያስደርጋል።

ፈቃዱ የሚጀምርበትን ቀን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ከትምህርት ማብቂያው ማግስት እስከ 60ኛው ቀን ባለው ውስጥ። ቀጣሪ ካለ ከሥራው መጀመሪያ ጋር አስማሙት። ከሌለ ወደ መጨረሻው ግፉት፤ ከታች የምናነሳው የሥራ ፈትነት ቆጠራ የሚጀምረው ሲፈቀድላችሁ በሚላከው የሥራ ፈቃድ ካርድ ላይ ካለው መነሻ ቀን ስለሆነ።

ቅጹን መሙላት

ቅጹ አይ-765 ይባላል፤ በኢንተርኔትም በወረቀትም ይቀርባል። የምድቡ ኮድ (ሲ)(3)(ቢ) ነው። በ(ኤ) የሚያልቀው ከምረቃ በፊት ለሚሠሩ፣ በ(ሲ) የሚያልቀው መጨረሻ ላይ ለምናነሳው የስቴም ማራዘሚያ ስለሆነ አንዲት ፊደል መሳት ሌላ ጥያቄ ማቅረብ ነው። የሚያያዙት ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ፣ አዲሱ አይ-20፣ ቀደም ሲል የተሰጠ የሥራ ካርድ ካለ እሱ፣ እንዲሁም 2 ኢንች በ2 ኢንች የሆነ ነጭ መደብ ያለው፣ ያለ መነጽር የተነሱት አዲስ ፎቶ ነው።

የኛ ሰው የሚቸገረው ስም ላይ ነው። «ጸ» በአንዱ ሰነድ በ«ቲኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ትክክሉ የቱ እንደሆነ አትከራከሩ፤ ፓስፖርቱ እንደጻፈው ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ሌላውን «የተጠቀምኩበት ሌላ ስም» በሚለው ሥር አስገቡ። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የሌላችሁ በዚሁ ቅጽ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ያኔ የወላጆች ስም ይጠየቃል። እናት ስትወለድ የነበራት የቤተሰብ ስም ሲል የእናታችሁን አባት ስም ነው፤ የአባታችሁን ስም አትጻፉላት። የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወር ቀድሞ ቀን ተከትሎ ይገባል።

አድራሻው ካርዱ የሚላክበት ነው። ከምረቃ በኋላ ዘመድ ቤት ለመግባት ያሰበ ሰው «በእከሌ በኩል» የሚለውን መስመር በዘመዱ ስም ይሙላ፤ በተማሪው ስም ብቻ የተላከ ካርድ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስሙ ከሌለ ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል።

ክፍያው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ባለው ተመን በኢንተርኔት 470፣ በወረቀት 520 ዶላር ነው፤ ተመኑ ስለሚለዋወጥ በምታመለክቱበት ቀን የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ እዩ። ቢከለከሉም አይመለስም። ከ1,600 ዶላር በላይ ጨምሮ በ30 የሥራ ቀን ምላሽ ማግኘት ይቻላል፤ ቀጣሪ ቀን ቆርጦ ካልጠበቃችሁ በቀር ገንዘቡ ቢቀር ይሻላል።

ስትጠብቁ፣ እና አገር ቤት መሄድ

ካርዱ ሳይደርስና መነሻ ቀኑ ሳይገባ አንድ ቀን እንኳ አይሠራም፤ በሐበሻ ምግብ ቤት፣ በእጅ በእጅ እየተከፈለም ቢሆን።

ካመለከቱ በኋላ ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ በሕግ አልተከለከለም፤ ስጋቱ ግን ብዙ ነው። ፈቃዱ እናንተ ጣና ዳር ሳላችሁ ከጸደቀ ለመመለስ ካርዱ ያስፈልጋል፤ ካርዱ ደግሞ የሚደርሰው አሜሪካ ባለው አድራሻ ስለሆነ ሰው ተቀብሎ መላክ አለበት። ተጨማሪ ማስረጃ ቢጠየቅና ኔትወርክ ቢጠፋ ቀነ ገደቡ አይጠብቅም። ቪዛችሁ ካበቃ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከነበረ፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ወረፋ ይዞ እንደገና መጠየቅ ነው። ስለዚህ የተሻለው ካርዱን ተቀብሎ፣ ሥራ ጀምሮ፣ ከዚያ መሄድ ነው። ያኔ ሻንጣው ውስጥ የሚገቡት ፓስፖርት፣ የሚሠራ ቪዛ፣ ካርዱ፣ የቀጣሪ ደብዳቤ እና ባለፉት 6 ወራት ለጉዞ የተፈረመ አይ-20 ናቸው። ድግሱ ለጥምቀት ቢዛወር የሚጎዳው ነገር የለም።

90ው ቀን

ካርዱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በጠቅላላው ከ90 ቀን በላይ ያለ ሥራ መቀመጥ አይፈቀድም። ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራሉ፤ ሥራ ሳይኖር አገር ቤት የቆዩበትም ይቆጠራል። ሥራ የሚባለው በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት የሆነና ከተማሩት ጋር የሚያያዝ ነው። በነጻ ማገልገልም፣ የራስን ድርጅት መክፈትም ያስኬዳል፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ታክሲ መንዳት ግን አያስኬድም። የቀጣሪውን ስምና አድራሻ፣ ሥራው ከትምህርቱ ጋር ያለውን ዝምድና በ10 ቀን ውስጥ ሴቭፕ ፖርታል በተባለው የኦፒቲ ተማሪዎች የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አስመዝግቡ። እየሠሩ ያላስመዘገቡ ሰዎች ሥርዓቱ ሥራ ፈት አድርጎ ስለሚቆጥራቸው መዝገባቸው ሊዘጋ ይችላል። አድራሻ ሲቀየርም ጊዜው ያው 10 ቀን ነው።

የመጀመሪያው ደመወዝ ሲመጣ ወረቀቱን አንብቡ። በኤፍ-1 የመጀመሪያዎቹ አምስት የካላንደር ዓመታት ውስጥ ያለ ተማሪ በአብዛኛው 6.2 በመቶ የማኅበራዊ ዋስትናና 1.45 በመቶ የሜዲኬር (የአረጋውያን ጤና መድን) ግብር አይቆረጥበትም። ቀጣሪዎች ባለማወቅ ይቆርጣሉ፤ እንዲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀጣሪው ራሱ ነው።

ከፖሊ ለተመረቁ

በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስና ወይም በሒሳብ ዘርፍ የተመረቀ ሰው 24 ወር ማራዘም ይችላል፤ ስቴም የሚባለው ይህ ነው። የሚያሳስተው፣ ከባሕር ዳር ፖሊ የተገኘ የምህንድስና ዲግሪ ለዚህ አለመቆጠሩ ነው። ዲግሪው ከአሜሪካ ዕውቅና ካለው ተቋም መሆን አለበት። ፖሊ ሲቪል ምህንድስና ተምሮ አሜሪካ በስቴም ዝርዝር ውስጥ በሌለ ዘርፍ ማስተርስ የሠራ፣ 12 ወሩ ሲያልቅ ማራዘሚያ የለውም።

ለሚችሉት፣ ቀጣሪው ኢ-ቬሪፋይ ውስጥ (የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ በኢንተርኔት በሚያጣራው የመንግሥት ሥርዓት) የተመዘገበና ደመወዝ የሚከፍል መሆን አለበት፤ አይ-983 የተባለውን የሥልጠና ዕቅድም ከተማሪው ጋር ይፈርማል። ማመልከቻው ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ፣ ዲኤስኦው ድጋፉን ካስገባ በ60 ቀን ውስጥ ይላካል። በወቅቱ ከገባ፣ ካርዱ ቢያልፍበትም እስከ 180 ቀን መሥራት ይቀጥላል። የሥራ ፈትነቱ ጣሪያ በጠቅላላው 150 ቀን ይሆናል፤ በየ6 ወሩ ደግሞ ስም፣ አድራሻና ቀጣሪ አለመቀየሩን ለዩኒቨርሲቲው ማረጋገጥ ይጠበቃል።