ጂኦሜትሪያዊ ቅርጽንና ነጻ ጭረትን በአንድ ረቂቅ (አብስትራክት) ስዕል ላይ እንዴት ማገናኘት ይቻላል?

በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በምትታወቅባቸው ትልልቅ ሸራዎች ላይ ከሥር የሕንጻ ንድፍ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ከላይ ደግሞ ፈጣን የእጅ ጭረቶች ይታያሉ። በንብርብሮቹ መካከል ግልጽ አክሪሊክ እየቀባች በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች። የዚህን አሠራር መሠረት በወረቀት ላይም መለማመድ ይቻላል።

የሚያስፈልገው ኤ3 ወረቀት (በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን)፣ 2ኤች የተባለ ጠንካራ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ውኃ ሲነካው የማይለቅ 0.3 ሚ.ሜ. ብዕር፣ ጥቁር የስዕል ቀለም፣ ወፍራም ብሩሽና የስዕል ከሰል ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ስስ ስለሆነ ሲረጥብ ይጨማደዳል።

ሁልጊዜ ቅርጹ ይቅደም። ከሰል ላይ ማስመሪያ ከተጎተተ ዱቄቱ ወረቀቱን ያቆሽሻል፣ ብዕሩም ይደፈናል። ወረቀቱን በወረቀት ፕላስተር ሰሌዳ ላይ ይለጥፉና 9 ሳ.ሜ. ሬዲየስ ያለው ክብ ወደ አንድ ጎን አስጠግተው ይሳሉ፤ መሐል ላይ ካረፈ ዓይን እዚያው ይቀራል። 2 በ25 ሳ.ሜ. የሆነ ቀጭን አራት ማዕዘንና አንድ ሦስት ማዕዘን ክቡን እንዲያቋርጡት ይጨምሩ። ከአምስት ቅርጽ አይለፉ። እርሳሱን አይጫኑት፤ ወረቀቱን ካጎደጎደው፣ ቢጠፋም ከሰሉ ጉድጓዱን እየዘለለ ነጭ መስመር ይተዋል።

በብዕር ሲያደምቁ ሁሉንም ጠርዝ አይዝጉ። የክቡን አንድ አራተኛ ያህል ክፍት ይተዉ፤ ጭረቱ የሚገባው በዚያ በር ነው። 20 ደቂቃ ያድርቁና እርሳሱን በላጲስ ያጥፉ።

አሁን ክንድን ማፍታታት ያስፈልጋል። አሮጌ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ቆመው፣ ከትከሻ እየተነሡ 20 ጭረት ይጣሉ። አብዛኛው ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከአንጓ ብቻ የሚወጣ መስመር ትንሽ ቅስት ሠርቶ ይቆማል፣ የጽሕፈት እጅም ይመስላል፤ ከትከሻ የመጣው ግን ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል።

ብሩሹ ከከሰሉ ይቀድማል፤ እርጥብ ቀለም ከሰሉን ሲያገኘው ያጨቀየዋል። አንድ እጅ ቀለም በሦስት እጅ ውኃ ይበጥብጡና ወረቀቱን አግድም አስተኝተው አንድ ሰፊ ጭረት ይሳቡ። ሲደርቅ ሰሌዳውን ያቁሙ፤ 4 ሳ.ሜ. የሚሆን ከሰል በጎኑ ይያዙ። እንቅስቃሴውን ሦስት ጊዜ አየር ላይ ይሞክሩትና ከክቡ ውጭ ጀምረው በክፍቱ በኩል ገብተው፣ በሌላ ወገን ይውጡ። መንገድ ላይ ጫናውን ይለዋውጡ። ተመልሰው አይድገሙት፤ የተደገመ ጭረት ፍጥነቱን ያጣል። ከሦስት እስከ አምስት ጭረት ይበቃል፤ የወረቀቱ ሲሶ ባዶ ይቅር።

ከሁሉ የሚከብደው መገናኛው ነው። ቅርጹና ጭረቱ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት የተለያዩ ስዕሎች ይመስላሉ። ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ቦታ ጭረቱ ቅርጹን ይሸፍነው፤ በሌላ ቦታ ጠርዙ ላይ ስለት በመሰለ መስመር ይቁም። ለዚህኛው ከመጫርዎ በፊት ጠርዙን በፕላስተር ይከልሉት። ፕላስተሩን አስቀድመው ልብስ ላይ ለጥፈው ቢያነሡት ሙጫው ይቀንሳል፣ ወረቀቱንም አይልጥም።

በመጨረሻ ፊክሳቲቭ (ከሰሉ እንዳይረግፍ የሚይዝ የሚረጭ ፈሳሽ) ደጅ ላይ ከ30 ሳ.ሜ. ርቀት ሁለት ጊዜ በስሱ ይርጩ። ቀርበው ከረጩት ከሰሉ ይረጥብና ነጠብጣብ ያወጣል።