ቮልስ ለቦሎ ሲቀርብ፦ የምርመራ ውጤትን ማንበብና የተለመዱ የመውደቂያ ምክንያቶች

ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ያለፈ ቮልስዋገን በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ሲወድቅ ጥፋቱ ሞተሩ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ከኋላ የተቀመጠው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲታመም ድምፁ ይለወጣል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ባለቤቱም ሳይውል ሳያድር ጋራዥ ይወስደዋል። መኪናውን የሚጥሉት ድምፅ የማያሰሙት ጉድለቶች ናቸው፤ በግራና በቀኝ እኩል የማይዝ ፍሬን፣ ባለቤቱ ሳይታወቀው የለመደው የላላ መሪ፣ ከምንጣፍ ሥር የበሰበሰ ላሜራ። ስለዚህ ለምርመራ የሚደረገው ዝግጅት ሞተሩን ከማጠብና ቀለሙን ከማሳመር ሳይሆን ከታች ወደ ላይ መጀመር አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቁጥሮቹን ያመሳክሩ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊውን ምርመራ ግዴታ ያደረገ ሲሆን፣ መርማሪው በሊብሬው ላይ የተጻፉትን የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከመኪናው ጋር ያነጻጽራል። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በመሐል ለመሐል በሚያልፈው የወለሉ ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር በታች በሞተሩ አካል ላይ አለ። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር በአራት ብሎን ብቻ ስለሚያያዝ ባለፉት ዓመታት ተለውጦ የሚገኘው ብዙ ነው፤ ለውጡ በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ መኪናው ምንም ያህል ደህና ቢሆን ጉዳዩ አያልቅም። ቁጥሩ ዝገት ከሸፈነው በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ናፍጣ ያጽዱት። በመፍጫ ማሽን ፈጽሞ አይነካ፤ የተፋቀ ቁጥር የተጭበረበረ ቁጥር ይመስላልና ከዝገቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜ እንዳላለፈበት ማረጋገጥ፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑንና ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥም ከዚሁ ጋር የሚያልቅ ሥራ ነው።

የውጤት ወረቀቱን ብዙ ሰው የሚያየው «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚለውን ለማግኘት ብቻ ነው። ለጥገና የሚጠቅሙት ግን በመካከል ያሉት ቁጥሮች ናቸው። የፍሬን መፈተሻው እያንዳንዱን ጎማ በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ እያዞረ የሚይዝበትን ኃይል ለየብቻ ይለካል፤ ከዚያም ሁለት ነገር ይሰላል። አንደኛው የአራቱም ጎማዎች ኃይል ተደምሮ ከመኪናው ክብደት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ነው። ሁለተኛው በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ጎማዎች ልዩነት ነው። ለምሳሌ የፊት ግራው 1.4፣ ቀኙ ደግሞ 0.9 ኪሎ ኒውተን ቢይዝ፣ የ0.5 ልዩነት ለትልቁ ቁጥር ሲካፈል 36 በመቶ ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና አስፋልቱ ርጥብ ሲሆን በድንገት ፍሬን ቢያዝ ወደ ግራ ይጎትታል። ወረቀቱ ደካማው ጎማ የትኛው እንደሆነ ስለሚነግር፣ መካኒኩ አራቱንም ታምቡሮች (ከጎማው ጋር የሚዞሩትን የፍሬን ከበሮዎች) ከመፍታቱ በፊት ይህን ማየት አለበት።

አንድ ጎማ ብቻ ከደከመ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘይት ነው። ከኋላ ከሆነ በአክስሉ ጫፍ ያለው ማኅተም አርጅቶ የካምቢዮ ዘይት ወደ ሸራው (ታምቡሩን እያሸ ጎማውን ወደሚያቆመው ክፍል) ያፈስሳል፤ ታምቡሩ ሲወጣ ሸራው ጠቁሮና ረስርሶ ይታያል። እንዲህ ያለውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ የተለመደ ቢሆንም አያዋጣም፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ስለሰረገ ሙቀት ሲያገኝ ተመልሶ ይወጣል። ማኅተሙም ሸራውም መለወጥ አለባቸው፤ ሸራው ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጎን። ዘይት ከሌለ በታምቡሩ ውስጥ ያለው ትንሽ የፍሬን ሲሊንደር ተጣብቆ እንደሆነ ይታያል። ፍሬኑ መያዙን ይዞ መልቀቅ ካቃተው ደግሞ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ከጎማ የተሠራ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ስለሚመስል ብዙዎችን ያሳስታል።

የቮልስ ፍሬን ራሱን አያስተካክልም። በእያንዳንዱ ታምቡር ውስጥ ለሁለቱ ሸራዎች ሁለት የጥርስ መስተካከያዎች አሉ፤ እንደ መኪናው ዘመን በታምቡሩ ፊት ወይም ከጀርባው ባለው ሰሌዳ ቀዳዳ በኩል በካቻቪቴ ይዞራሉ። ጎማው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ድረስ ይዞራል፣ ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተረግጦ ሸራዎቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ እንደገና ይፈተሻል፣ ከዚያም ጎማው በነጻነት እስኪዞር ጥቂት ይመለሳል። የእጅ ፍሬኑ የሚነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የሁለቱ ኬብሎች ዳዶዎች በማንሻው ግርጌ ይገኛሉ፤ ማንሻው ሁለት ጥርስ ሲሳብ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል መክበድ፣ አራት ሲደርስ ደግሞ በእጅ አለመዞር አለባቸው። ኬብሉን ብቻ አጥብቆ ወደ ምርመራ መሄድ የሸራውን ክፍተት አይደፍንም፤ ፔዳሉም እንደ ጠለቀ ይቀራል።

የኋላ ታምቡር ሲወጣና ሲገባ አንድ ጥንቃቄ አይዘንጋ። የአክስሉ ዳዶ 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚጠብቀው በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በአጭር ቁልፍና በክንድ ጉልበት ብቻ አይገኝም። የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶው ጥቂት ተጨምሮ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ላልቶ የቆየ ዳዶ የታምቡሩን ውስጣዊ ጥርሶች በልቶ መኪናውን መንገድ ላይ ያስቀራል።

ወደ መሪው ስንመጣ፣ ልልነቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መፍትሔ አይሰጥም። አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ሌላው ከታች ሆኖ የትኛው መጋጠሚያ ዘግይቶ እንደሚንቀሳቀስ ይመልከት። አራቱ ቴስቲናዎች (በመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ያሉት መጋጠሚያዎች)፣ በመሪው ዘንግና በመሪው ሣጥን መካከል ያለው የጎማ ማያያዣ፣ ከዚያም ሣጥኑ ራሱ በቅደም ተከተል ይታያሉ። ቀጥሎ የፊት ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቃነቅ። ልልነት ከተገኘ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ደግሞ መጋጠሚያው ነው። እስከ 1965 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠሩት መኪኖች ከፊት በፒን የሚዞሩ ሲሆኑ በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ ግሪስ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ኳስ መሰል መጋጠሚያ አላቸው። ፒኑ ግሪስ ሳያገኝ የቆየ መኪና በምርመራው ዋዜማ ቢቀባ ልልነቱ ለጥቂት ቀን ይደበቅ ይሆናል፤ የተበላውን ብረት ግን አይመልስም። ኩሽኔታውን ለማጥበቅ የሚነሣ ሰው የግራው ጎማ ዳዶ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ ይወቅ፤ የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድም የሚወጣው ከዚያው ጎማ ነው።

በዚህ ቦታ ጋራዦች የሚያዘወትሩትን አንድ አቋራጭ አልደግፍም። የመሪው ሣጥን ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን አጥብቆ ልልነቱን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ የሣጥኑ ጥርስ አብዝቶ የሚበላው በመሐል ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የጠበቀ መሪ ወደ ጎን ሲታጠፍ ይይዛል፤ ከኩርባም በራሱ አይመለስም። መርማሪው ባያየው እንኳ እንጦጦን ሲወርዱ አሽከርካሪው ያየዋል።

ዝገት ሌላው ትልቅ ምዕራፍ ነው። በቮልስ ሦስት ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ከባትሪው በታች ያለው የቀኝ የኋላ ወለል፣ በሁለቱም በሮች ሥር የሚያልፉት የሙቀት ቱቦዎች፣ እና የፊት አክስል የሚታሰርበት የሻንሲው ራስ። የበሮቹ ሥር ቱቦዎች የጌጥ ክፍሎች አይደሉም፤ አካሉን የሚሸከሙ ስለሆኑ ሲበሰብሱ በሮቹ አልዘጋ ይላሉ። ምንጣፉን ያንሡ፣ ባትሪውን ያውጡ፣ በካቻቪቴ እጀታ እያንኳኩ ድምፁን ያድምጡ፤ ደረቅና ጠንካራ ድምፅ ጤነኛ ላሜራ ሲሆን፣ የታፈነ ድምፅ ስቱኮ ወይም ሬንጅ መኖሩን ይነግራል። በስቱኮ የተደፈነ ወለል ምርመራውን አለማለፉ ተገቢ ነው። ላሜራው ተቆርጦ አዲስ ይበየድ፤ የነዳጅ ታንከሩ ከፊት ኮፈኑ ሥር ስለሆነ ደግሞ ከፊት በኩል ከመበየዱ በፊት ታንከሩ ከመኪናው ይውጣ። ባትሪው ሲመለስ በሚገባ ይታሰር፤ የላይ መሸፈኛውም አይቅር። ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ያስነሣል።

ስለ እሳት ከተነሣ፣ ወደ ካርቡራቶር የሚሄዱትን አጫጭር የነዳጅ ጎማዎች ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ ሳይጠራጠሩ ይለውጧቸው። በጨርቅ የተሸፈነው አሮጌ ዓይነት ከሥሩ ሲሰነጠቅ አይታይም፤ የሚያንጠባጥበውም በጋለ ሞተር ላይ ነው።

መብራትን በተመለከተ እስከ 1966 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠሩት፣ አንዳንዶቹ 1200ዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ የሚሠሩት በ6 ቮልት ነው። በዚህ ቮልቴጅ ትንሽ ዝገት ብዙ ብርሃን ይበላል። አምፖል ከመለዋወጥ በፊት ከመብራቱ ወደ አካሉ የሚሄደውን የመሬት ሽቦና የፊውዞቹን መያዣዎች በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ። የፍሬን መብራት ካልበራ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ላይ ያለው ማብሪያ ነው። የመስታወት ውኃ የማይረጭ ከሆነ ደግሞ የተጠባባቂውን ጎማ ነፋስ ይመልከቱ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ውኃውን የሚገፋው ከዚያ ጎማ የሚመጣ አየር ነው፣ ይህንን የማያውቅ መካኒክ ፖምፓ ሲፈልግ ይውላል።

የጭስ ልኬት በአዲስ አበባ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተዘጋጀ ካርቡራቶር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል። የባልቮላው ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይስተካከል፤ ለአብዛኞቹ የኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ ፑንቲናው (እሳቱን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ መገናኛ) ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ፣ በመጨረሻም የካርቡራቶሩ ቅልቅል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የመጨረሻው ሥራ የቀደሙትን ስሕተቶች ይሸፍናል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቅልቅሉ ገና ወፍራም ነው። ማርሚታውና የሙቀት ሣጥኖቹ ቀዳዳ ካላቸው ደግሞ መርዛማው ጭስ በማሞቂያው በኩል ወደ ተሳፋሪው ክፍል ይገባልና ከልኬቱ በላይ ለጤና ሲባል መጠገን አለባቸው።

መኪናው ወድቆ ከነበረ ለድጋሚ ምርመራ ሲመለሱ የመጀመሪያውን ወረቀትና የተለወጡትን ዕቃዎች ደረሰኝ ይያዙ። ጠዋት ጎማዎቹ ቀዝቃዛ ሳሉ ነፋሳቸውን ያስተካክሉ፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያመዝን ፊቱ 1.1፣ ኋላው 1.8 ባር አካባቢ ይበቃዋል፣ በግራና በቀኝ ያለው ልዩነት ግን የፍሬኑንም ልኬት ስለሚያዛባ መኖር የለበትም። ወደ ማዕከሉ ከመግባትዎ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ይንዱት፤ ቆሞ ያደረ የቮልስ ሞተር ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ በመሆናቸው ሲነሣ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ይለቅቃል፣ እስኪሞቅ ደግሞ የካርቡራቶሩ ማነቂያ ነዳጅ ያበዛል። ካለፈ በኋላም የፍሬኑ ቁጥሮች ያሉበትን ወረቀት ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ዓመት አንዱ ጎማ ከአምናው ቁጥር ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ መኪናው ቢያልፍም የዚያ ጎማ ታምቡር መከፈት ይኖርበታል።