ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቤቱን በክረምት እዩት

አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ አንድ ምክር አለኝ፤ ቦታውን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ እዩት። ደላላው በጥር ፀሐይ የሚያሳያችሁ ደረቅ ቦይ በክረምት ሌላ ነው። ደግሞ እናንተ ሰፈር ጠብታ ባይወርድም እንጦጦ ላይ የዘነበው ውሃ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚወርደው።

ክረምቱ ካለፈ ቤቱን ራሱን መርምሩት። ቁምሳጥኑን ፈቀቅ አስደርጉና ከጀርባው እዩ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠርጥሩ። የብረት በሩን የታችኛውን ጠርዝ በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ከቀለሙ ሥር ዝገት ሊኖር ይችላል። አጥሩ ላይ አግድም የቀረ የጭቃ መስመር ካያችሁ ውሃው እዚያ ድረስ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

ሻጩ «ጎርፍ? እዚህ?» ብሎ ይስቃል። እሱን ተዉትና ማዶ ያለውን ባለሱቅ ጠይቁት። «ክረምት ላይ ዱቄትና ስኳር የት ነው የምታስቀምጠው?» በሉት። ከፍ አድርጌ ነው ካለ ገብቷችኋል።

አፈሩንም አትርሱ። ዋልካ ውሃ ቶሎ አያሰርግም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ካልጠነከረ ግድግዳውንም ይዞ ይሰነጥቃል።

ወንዝ ዳር ከሆነ ይዞታው በወንዝ ዳርቻ ክልል ውስጥ አለመግባቱን ክፍለ ከተማው ጋ አጣሩ። ካርታ አለው ማለት ውሃ አይገባውም ማለት አይደለም።