ዘመም ባለ የጋራዥ ወለል ላይ ካቢኔት በልኩ ማስቀመጥ

ለገጣፎ ያለው ቤታችን ጋራዥ ወለሉ ውሃ ወደ በሩ እንዲወርድ ዘመም ተደርጎ ነው የተሠራው። የታች ካቢኔቶቹን ስደረድር በ3 ሜትር ውስጥ 6 ሳንቲ ልዩነት መጣ፤ በሮቻቸው በራሳቸው ይከፈቱ ነበር። ከሥር የእንጨት ቁራጭ ብሸጉጥም አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይወላገዳል።

የፈታው ከወለሉ ከፍተኛ ቦታ መነሳት ነው። ረጅም፣ ውስጡ የሚታይ የውሃ ጎማ ውሃ ሞልቼ (አረፋ ካለበት ልኩ ይሳሳታል፣ ደጋግማችሁ እዩት) በሁለቱ ጫፎቹ ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም በዚያ ልክ ግድግዳው ላይ መስመር አሰመርኩ። ከዚያ ጣውላውን ወለሉ ከፍ ባለበት በኩል ቁመቱን 10፣ በበሩ በኩል 16 ሳንቲ አድርጌ ቆርጬ መቀመጫ ሠራሁ። ክረምት መኪናው ይዞት የሚገባው ውሃ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አነጠፍኩ። ካቢኔቶቹን እርስ በርስ፣ ቀጥሎም ከብሎኬት ግድግዳው ጋር በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) አሰርኳቸው። አሁን በሮቹ ባሉበት ይቆማሉ።